ገና ያልወጣውን የሰርቨር ቨርዥን በድርጅታችን እንሞክረው ወይስ እንጠብቅ?

ጎዛምን፣ ደብረ ማርቆስ

ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ እህል እየገዛ ለፋብሪካ በሚያቀርብና ለገበሬው ደግሞ ምርጥ ዘርና ፀረ ተባይ በሚያከፋፍል የግል ድርጅት ነው። ዋናው ቢሮ እዚሁ ማርቆስ ሲሆን ፍኖተ ሰላምና ቢቸና ላይ መጋዘንና የሽያጭ ቢሮ አለን። ከኔትወርክ ገመዱ ጀምሮ እስከ ሂሳብ ክፍሉ ባክአፕ ድረስ የኮምፒውተሩን ሥራ የምይዘው እኔ ብቻ ነኝ።

ሰርቨራችን ዊንዶውስ ሰርቨር 2016 ሲሆን፣ ማይክሮሶፍት ለእሱ የሚሰጠው የደኅንነት ማሻሻያ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 12 ቀን 2027፣ በእኛ አቆጣጠር ጥር 4 ቀን 2019 ዓ.ም. ያበቃል። ማሽኑም ስላረጀ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ለመቀየር በጀት አስፈቅጃለሁ። ሥራ አስኪያጃችን ግን የሚቀጥለው የዊንዶውስ ሰርቨር ቨርዥን ገና በመሠራት ላይ መሆኑንና ኢንሳይደር ፕሪቪው የሚባለው የሙከራ ቅጂው በነፃ እንደሚወርድ ከአንድ ዕቃ አቅራቢ ሰምተው፣ «ዛሬ ገበያ ላይ ያለውን ዊንዶውስ ሰርቨር 2025ን ገዝተን ነገ ሌላ ከምንገዛ፣ የሚመጣውን ከአሁኑ ጭነን ለምን አንቆይም? ዋናው ሲወጣ ያኔ ላይሰንሱን እንከፍላለን» አሉኝ። ሐሳባቸው ከቁጠባ የመጣ ስለሆነ በአንድ ቃል «አይሆንም» ብዬ ልመልሰው አልፈለግሁም፤ ምክንያቱን ጠንቅቄ አውቄ በጽሑፍ ላቀርብላቸው እፈልጋለሁ።

በሰርቨሩ ላይ ያለው ሥራ ብዙ የተወሳሰበ አይደለም። የተጠቃሚዎች መግቢያ ስማቸውንና ይለፍ ቃላቸውን በሚይዘው መዝገብ፣ በአክቲቭ ዳይሬክተሪ፣ ይተዳደራል፤ የሂሳብ ሥራው የሚሠራው በፒችትሪ ሲሆን ዳታው ሰርቨሩ ላይ በተጋራ ፎልደር ውስጥ ነው። ባክአፑ በየምሽቱ ወደ አንድ የቆየ የኔትወርክ ማከማቻ ሣጥን ይገለበጣል። የዕቃ መውጫ ሰነድ በካርቦን ባለ አራት ቅጂ ወረቀት ላይ በነጥብ ፕሪንተር ይታተማል። ደብዳቤዎቻችን ከፊሉ በዩኒኮድ፣ የቆዩት ደግሞ ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ ናቸው።

ጥያቄዬ እንግዲህ ይህ ነው። ፕሪቪውን በሥራ ላይ ማዋል ጨርሶ አይቻልም? የማይቻል ከሆነስ፣ እንደኛ ያለ ትንሽ ድርጅት ጎን ለጎን ቢሞክረው የሚያገኘው ጥቅም አለ? ካለ ደግሞ 16 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው አንድ ትርፍ ዴስክቶፕ፣ በሚቆራረጥ ኢንተርኔትና በሚጠፋ መብራት፣ ምን ምኑን ማየት ይበቃዋል?

የጣና ዳር፣ ባሕር ዳር

ጤና ይስጥልኝ እህቴ። በሥራ ላይ ማዋል አይቻልም። ይህን የምለው ፕሪቪው ብልሽት ስለሚበዛበት ብቻ አይደለም፤ ብልሽት ባይገኝበት እንኳ ቅጂው ሲወጣ የሚያበቃበት ቀን ተቆርጦለት ነው የሚወጣው፤ ቀኑ ሲደርስ በአዲስ ቅጂ ካልተተካ በደኅና አይሠራም፤ ያ ቀን ደግሞ የእናንተን የገበያ ወቅት አይቶ የተመረጠ አይደለም። የፈቃድ ውሉም ቅጂው ለሙከራ እንጂ ለዕለት ሥራ እንዲውል አይፈቅድም፤ አንድ ነገር ቢሰናከል በድጋፍ ውል የሚጠይቁት አካል አይኖርም። ከሁሉም በላይ ግን ሥራ አስኪያጅዎ የተማመኑበት መሻገሪያ ራሱ አስተማማኝ አይደለም። ዋናው ቨርዥን ሲወጣ ከፕሪቪው ወደ እሱ በቀጥታ ማለፍ እንደሚቻል ዋስትና የለም፤ ስለዚህ «ጭነን እንቆይ» የሚለው ሐሳብ መድረሻው ያን ሰርቨር አጥፍቶ ከባዶ መጫንና ዳታውን ሁሉ እንደገና መመለስ ነው፤ ያውም ባልመረጡት ቀን።

ለእሳቸው በያዙት ንግድ ቢያስረዷቸው ይቀላል። አዲስ የበቆሎ ዝርያ ሲመጣ ገበሬው በአንዲት ጥማድ ላይ ዘርቶ ያየዋል እንጂ ዓመት የሚበላበትን መሬት ሁሉ በማያውቀው ዘር አይሸፍንም።

«ጥቅም አለው ወይ?» ያሉት ጥያቄ ግን ሰፊ መልስ የሚገባው ነው። ብዙ ሰው ፕሪቪውን የሚያወርደው አዲስ የተጨመረውን ለማየት ነው። ለአንድ ድርጅት ግን ትልቁ ጥቅም የተቀየረውንና የተከለከለውን አስቀድሞ ማወቅ ነው፤ ሥራ የሚያስቆመው ሁልጊዜ እሱ ነውና።

ከእርስዎ ሁኔታ ጋር በቀጥታ የሚገናኝ ምሳሌ ላንሳ። 24ኤች2 የተባለው የዊንዶውስ 11 ማሻሻያ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 2024 ለሁሉም ሲለቀቅ፣ የተጋሩ ፎልደሮች የሚሠሩበት ኤስኤምቢ የተባለው ፕሮቶኮል አሠራሩ ጠብቆ ነበር። በድርጅቶች ዘንድ በሚሠራባቸው እትሞች ላይ ማንኛውም የኤስኤምቢ ግንኙነት በዲጂታል ፊርማ የተረጋገጠ እንዲሆን ግዴታ ተደረገ፤ በፕሮ እትም ላይ ደግሞ ያለ ስምና ያለ ይለፍ ቃል፣ በእንግድነት፣ ወደ ሌላ ማሽን ፎልደር መግባት ተዘጋ። የለውጡ ምክንያት ተገቢ ነው፤ በሁለት ማሽኖች መሃል ገብቶ መረጃ የሚቀይርን አጥቂ ይከላከላል። ነገር ግን ፊርማ የማያውቁ ወይም በእንግድነት ብቻ የሚከፈቱ የቆዩ የማከማቻ ሣጥኖች ያላቸው ቢሮዎች አንድ ጠዋት ፎልደራቸው እምቢ አላቸው። እዚህ ባሕር ዳር የምረዳው አንድ ቢሮ ውስጥ፣ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ የድርጅቱ የደኅንነት ፖሊሲ ያልተረጋገጠ እንግዳ እንዳይገባ ከልክሏል የሚለውን የእንግሊዝኛ መልእክት አይታ፣ አለቃዋ ከመዝገቡ ያገዷት መስሏት ስትጨነቅ ነበር ያገኘኋት። ገመዱን ነቅለው ሰክተዋል፣ ሣጥኑን አጥፍተው አብርተዋል፤ ችግሩ ግን ከሁለቱም አልነበረም።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር፣ የፊርማው ግዴታ በኢንሳይደር ቅጂዎች ላይ መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በጁን 2023 መሆኑ ነው። በትርፍ ማሽን ላይ ጭኖ የራሱን ማከማቻ ሣጥን አንድ ጊዜ ለመክፈት የሞከረ ሰው፣ ሣጥኑን ለመቀየር በጀት የሚያስፈቅድበት ከአንድ ዓመት በላይ ጊዜ ነበረው ማለት ነው። ዊንዶውስ ሰርቨር 2025ም ከራሱ ወደ ሌላ ማሽን በሚያደርገው የኤስኤምቢ ግንኙነት ላይ ፊርማውን በግዴታ ይጠይቃል። የእርስዎ ባክአፕ በየምሽቱ ወደ ቆየ ሣጥን የሚሄድ ከሆነ፣ ሰርቨሩን በቀየሩ ማግስት ማለዳ ባክአፑ አለመሄዱን ሊያገኙ ይችላሉ፤ ከዚያም የከፋው ማንም ሳያየው ሳምንታት ማለፋቸው ነው።

ዳሞት፣ ፍኖተ ሰላም

ሰላም ለሁላችሁም። ወንድሜ የጣና ዳር ፕሪቪው በሥራ ላይ እንዳይውል ባለው ሁሉ እስማማለሁ። ብቻውን ለሚሠራ ባለሙያ ፕሪቪውን መሞከር ይጠቅማል በሚለው ላይ ግን የተለየ ሐሳብ አለኝ።

ፕሪቪው በየጊዜው ይቀያየራል። ዛሬ የሠራው በሚቀጥለው ቅጂ ሊሰናከል፣ ዛሬ የተሰናከለው ደግሞ ሊስተካከል ይችላል፤ ስለዚህ የሙከራው ውጤት ቶሎ ያረጃል። ትልቅ ባንክ ወይም ሶፍትዌር የሚሠራ ድርጅት ለዚህ የሚመድበው ሰው አለው፤ እነሱ መሞከራቸው ለሁላችንም ይጠቅማል። ጠዋት የፕሪንተር ወረቀት የተቀረቀረበት፣ ከሰዓት ደግሞ የቢቸናው መስመር የተቋረጠበት ባለሙያ ግን ጊዜውን ተለዋዋጭ በሆነ ነገር ላይ ባያጠፋው እመርጣለሁ።

ሞካሪ መብዛቱም ብቻውን አይበቃም። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2 ቀን 2018 የወጣውን የዊንዶውስ 10 1809 ማሻሻያ ያስታውሱ። በአንዳንድ ማሽኖች ላይ፣ በተለይ የዶክመንት ፎልደራቸውን ወደ ሌላ ድራይቭ ባዞሩ ሰዎች ላይ፣ ፋይሎች እየጠፉ ስለተገኙ ማይክሮሶፍት በቀናት ውስጥ ሥርጭቱን አቁሞ እስከ ኖቬምበር 13 ድረስ እንደገና አላወጣውም ነበር። የሚያሳዝነው ችግሩን ያዩ ኢንሳይደሮች አስቀድመው ጽፈው የነበረ መሆኑ ነው፤ ጥቆማቸው ብዙ ድጋፍ ስላላገኘ ከሌሎች ጥቆማዎች መሃል ሳይነበብ ቀረ። በዚያ ላይ ያ ማሻሻያ ከመለቀቁ በፊት ሊያልፍበት በሚገባው በመጨረሻው የሙከራ ደረጃ፣ ሪሊዝ ፕሪቪው በሚባለው፣ አላለፈም ነበር።

ስለዚህ የኔ ምክር የወጣውን መሞከር ነው። ዊንዶውስ ሰርቨር 2025 እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ በገበያ ላይ ያለ ሲሆን፣ ማይክሮሶፍት ለ180 ቀናት የሚሠራ የመመዘኛ ቅጂ በነፃ ይሰጣል። 180 ቀን ለእናንተ ስፋት ያለው ድርጅት ከበቂ በላይ ነው። ድጋፉም እ.ኤ.አ. እስከ 2034 የሚዘልቅ ስለሆነ፣ «ዛሬ ገዝተን ነገ ሌላ እንገዛለን» የሚለው የሥራ አስኪያጅዎ ስጋት በዚህ ይመለሳል፤ የሚቀጥለው ቨርዥን በመውጣቱ ብቻ 2025ን ለመቀየር የሚያስገድድዎ ነገር የለም። ከ2016 ወደ 2025 በቀጥታ ማሻሻልም ይፈቀዳል፤ ከ2012 አር2 ጀምሮ ያሉት ሁሉ ይችላሉ። እርስዎ ግን ማሽኑንም ስለሚቀይሩ አዲሱን በንጹሕ ጭኖ ሥራውን ማዛወር ይሻልዎታል።

ጎዛምን፣ ደብረ ማርቆስ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የማከማቻ ሣጥኑን መቼት ከፍቼ ሳየው የሚከፈተው በእንግድነት ብቻ ነው፤ ስለዚህ የተባለው ነገር በቀጥታ የሚመለከተን ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። የሙከራውን ሰርቨር አሁን ካለን ዶሜይን ጋር፣ ማለትም በአንድ የተጠቃሚ መዝገብ ከሚተዳደሩት ማሽኖቻችን ጋር፣ ባገናኘው ሠራተኞች በራሳቸው ስምና ይለፍ ቃል እየገቡ ሊሞክሩልኝ ይችላሉ ብዬ አስባለሁ። ሁለተኛ ዶሜይን ኮንትሮለር፣ ማለትም ያን መዝገብ የሚይዝ ሰርቨር፣ አድርጌ ለጥቂት ጊዜ ባስገባውና ከዚያ ባወጣው የሚያመጣው ችግር ይኖራል?

የጣና ዳር፣ ባሕር ዳር

እህቴ፣ ይህን አደራ እንዳያደርጉት! አዲስ ቨርዥን ያለው ሰርቨር ዶሜይን ኮንትሮለር ሆኖ ሲገባ የአክቲቭ ዳይሬክተሪውን ስኪማ፣ ማለትም መዝገቡ የተዋቀረበትን ንድፍ፣ ያሰፋዋል። ሰርቨሩን በኋላ ቢያወጡትም የሰፋው ስኪማ ወደ ነበረበት አይመለስም፤ መመለሻው መንገድ መላውን ዳይሬክተሪ ከባክአፕ ማንሣት ብቻ ነው። በወጣ ቨርዥን ይህ የሚጠበቅና የተለመደ ነገር ነው። በፕሪቪው ሲሆን ግን ገና የመጨረሻ መልኩን ያልያዘ ለውጥ በእውነተኛው ዳይሬክተሪ ላይ ለዘለቄታው ማተም ይሆናል።

በዚያው ዴስክቶፕ ላይ ከሥራው ኔትወርክ ጋር ፈጽሞ የማይገናኝ ሌላ ትንሽ ቢሮ መሥራት ይችላሉ። በዴስክቶፑ ላይ፣ በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ሌሎች ቨርቹዋል (ምናባዊ) ማሽኖችን የሚያቆመውን ሃይፐር-ቪን ያብሩ፤ ኔትወርኩን «ፕራይቬት» የሚባለው ቨርቹዋል ስዊች ያድርጉት፤ በዚህ ስዊች ላይ ያሉ ቨርቹዋል ማሽኖች እርስ በርሳቸው እንጂ ከዴስክቶፑም ሆነ ከውጪ ጋር አይነጋገሩም። ከዚያም የ2016 ሰርቨሩን ከመጨረሻው ባክአፕ አንሥተው በአንደኛው ቨርቹዋል ማሽን ላይ ያቁሙት። በ16 ጊጋባይት ሜሞሪ አንድ የሰርቨር ግልባጭ፣ አንድ አዲስ ሰርቨርና አንድ የተጠቃሚ ማሽን እያንዳንዳቸው 4 ጊጋባይት ይዘው አብረው ይቆማሉ፤ ዲስኩ ኤስኤስዲ ከሆነ ሥራው አያሰለችም።

ብዙ ሰው የማያስበው ትልቁ ጥቅም ያለው እዚህ ላይ ነው። ያን ግልባጭ ከባክአፕ ሲያነሡ፣ ለዓመታት በየምሽቱ ሲያስቀምጡት የኖሩት ባክአፕ በእርግጥ የሚነሣ መሆኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ያያሉ። ካልተነሣ የሰርቨሩን ቨርዥን ጉዳይ ለጊዜው ይተዉትና መጀመሪያ እሱን ያስተካክሉ፤ ከዚህ የሚቀድም ሥራ የለም።

ወንድሜ ዳሞት በሰጠው ምክር ላይ ቅደም ተከተሉን እቀበላለሁ። መጀመሪያ የ2025ን የመመዘኛ ቅጂ ይሞክሩ፤ የሚገዙት እሱን ነውና። ፕሪቪውን በዚያው የተዘጋ ኔትወርክ ላይ ማቆም ግን ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ አይወስድም፤ በየቅጂው መከታተልም አያስፈልግዎትም፤ በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ከፍተው ፒችትሪውን፣ እንዲሁም ስዊቹን ለጊዜው ወደ ውጪ ከፍተው ከሥራው ኔትወርክ ነቅለው ያመጡትን ሣጥንና ፕሪንተር ካዩበት፣ ሊዘጋ የታሰበ በር ካለ ያሳይዎታል።

ምን ይሞከር ላሉት፣ ዝርዝሩን ከራስዎ አያውጡት። ሂሳብ ሠራተኛዋ ጎን፣ መጋዘን ጠባቂው ጎን ቁጭ ብለው ከጠዋት እስከ ማታ የሚነኩትን ሁሉ ይጻፉ። ፒችትሪ መከፈቱን አይቶ «ሠርቷል» ማለት አይበቃም። ከጀርባው ፐርቬሲቭ የሚባል የዳታቤዝ አገልግሎት ስላለ፣ ሁለት ማሽኖች አንድን ካምፓኒ በአንድ ጊዜ ከፍተው በአንድ ጊዜ ደረሰኝ ሲመዘግቡ መሞከር አለበት፤ ለዚህ ሙከራ ሌላ የተጠቃሚ ማሽን ስለሚያስፈልግ የ2016ቱን ግልባጭ ለጊዜው አጥፍተው በቦታው ሊያቆሙት ይችላሉ። ብዙውን ጊዜ በአንድ ማሽን በደንብ ይሠራና ሁለተኛው ሲገባ ይቆማል፤ ምክንያቱም አዲሱ ፋየርዎል የአገልግሎቱን ፖርት፣ 3351ን፣ ስለሚዘጋው ነው።

የነጥብ ፕሪንተሩን ደግሞ በባዶ ወረቀት ሳይሆን በእውነተኛው ባለ አራት ቅጂ ሰነድ ላይ ያትሙበት። ይህ ይበልጥ የተጠቃሚዎቹ ማሽኖች ጉዳይ ነው፤ ዊንዶውስ 10ም ድጋፉ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ያበቃ ስለሆነ ያን ለመቀየር ሲያስቡ አብረው ይሞክሩት። ኒያላ የሚባለው የግዕዝ ፎንት ከዊንዶውስ 10 ጀምሮ በአማራጭነት የሚጨመር እንጂ ከመጀመሪያው ተጭኖ የሚመጣ አይደለም። በኒያላ የተሠራ ቅጽ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ሲከፈት በሌላ ፎንት፣ በኤብሪማ፣ ይተካል፤ ፊደሉ ይነበባል፤ ስፋቱ ግን የተለየ ስለሆነ የተቀባዩ ስም ወደ ሁለተኛ መስመር ይወርድና ብዛቱና ድምሩ ከታተመው ሣጥን ውጪ ይወድቃል። በስክሪን ላይ ያየው ሰው ስህተቱን አያገኘውም፤ ካርቦኑን ገልጦ አራተኛውን ቅጂ ያየ ብቻ ያገኘዋል። ከዩኒኮድ በፊት የተጻፉት ደብዳቤዎቻችሁ ደግሞ ፎንታቸው ከሌለ ጨርሶ የማይነበብ የላቲን ምልክት ስለሚሆኑ፣ የፎንት ፋይሎቹን ከአሁኑ ሰብስበው ያስቀምጡ።

ለሙከራ የሚጠቀሙበት ዳታ የተዘጋ ዓመት ዳታ ቢሆን ይመረጣል፤ የደንበኞችን የግብር ከፋይ መለያና ስልክ በሙከራ ማሽን ላይ ማቆየት አያስፈልግም። ኢንሳይደር የሚባሉ ቅጂዎች ስለ ማሽኑ አሠራር ለማይክሮሶፍት መረጃ እንደሚልኩም አይርሱ። ፋይሉን በሌሊት ካወረዱት በኋላ ሃሽ የሚባለውን መለያ ቁጥር ከተሰጠው ጋር ያመሳክሩ፤ መስመሩ ሲቆራረጥ የወረደ አይኤስኦ (የመጫኛ ፋይል) ደኅና መስሎ መጫኑ መሃል ላይ ይሰናከላል፤ ሰውም ጥፋቱን በቅጂው ላይ ያሳብባል።

አገው ምድር፣ እንጅባራ

ከዊንዶውስ ሌላ የሆነው የኮምፒውተር ሲስተም፣ ከሊኑክስ ወገን፣ ያለውን ልጨምር፤ ምክንያቱም ገና ያልወጣ ቅጂ ከሥራው ኔትወርክ ለምን መለየት እንዳለበት ከሁሉ በላይ የሚያሳየው በዚያ በኩል የደረሰው ነው።

እ.ኤ.አ. ማርች 29 ቀን 2024 አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ገንቢና የማይክሮሶፍት መሐንዲስ፣ ኤክስዜድ በሚባለው የፋይል ማመቂያ ሶፍትዌር ውስጥ ሆን ተብሎ የተቀበረ የኋላ በር ማግኘቱን ይፋ አደረገ። ያነቃው ከርቀት ወደ ማሽን በሚያስገባው በኤስኤስኤች ሲገባ ከወትሮው በግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ ነበር። የተበከሉት ቨርዥኖች 5.6.0 እና 5.6.1 ሲሆኑ፣ ደርሰው የተገኙት በአብዛኛው ገና ባልወጡት ላይ ነው፤ ዴቢያንና ፌዶራ ከተባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች፣ በዴቢያን የሙከራ ቅርንጫፎች፣ በፌዶራ ሮውሃይድና በፌዶራ 40 ቤታ (የሙከራ ቅጂ)። ወደ ዋናው ዴቢያንም ሆነ ወደ ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ አልገቡም። ኡቡንቱም የ24.04 ቤታውን በአንድ ሳምንት አዘግይቶ ፓኬጆቹን እንደገና ገንብቷል። ቀድሞ የሚደርሰው አዲስ ነገር መልካሙ ብቻ አይደለም፤ ቤታውን በሥራ ኔትወርኩ ላይ ያቆመ ሰው ያን ቀን በሩን ለማያውቀው ሰው ከፍቶ ነበር።

ሬድ ሃትም ቢሆን ከቤታ ወደ ዋናው ማሻገርን አይደግፍም። የ10ኛው ቨርዥን ቤታ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 ወጥቶ ዋናው በሜይ 2025 ተለቀቀ። በመሃል ያለው ግማሽ ዓመት ለድርጅቶች ያስገኘው ጥቅም ግን ቀላል አይደለም፤ 10ኛው ቨርዥን ከቀደመው ይልቅ አዲስ ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ፣ የቆየ ሰርቨር ያለው ሰው ማሽኑ እንደማይነሣ ያወቀው ግዢ ሳይፈጽም ነው። የጣና ዳር «የተከለከለውን ማወቅ» ያለው ይህን ነው።

ስለ ማከማቻ ሣጥኑ፣ አዲስ ለመግዛት በጀት ከሌለ በአንድ ደኅና ዴስክቶፕ ላይ ኡቡንቱ 24.04ን ጭነው ከዊንዶውስ ማሽኖች ጋር ፎልደር ለመጋራት በሚያገለግለው በሳምባ ፎልደር ቢያጋሩ ፊርማውንም ይለፍ ቃሉንም ያውቃል፤ የ5 ዓመት መደበኛ ድጋፍም አለው። ሲጭኑት ሁለት ዲስክ ያድርጉለት እንጂ በአንድ ዲስክ ላይ አይተማመኑ።

ጎዛምን፣ ደብረ ማርቆስ

በእናንተ ምክር ጽሑፉን አዘጋጅቼ ለሥራ አስኪያጁ አቅርቤያለሁ፤ የዘሩን ምሳሌ ሲሰሙ ሌላ ማብራሪያ አልጠየቁኝም። 2025ን እንድንገዛና ሙከራው በትርፉ ዴስክቶፕ ላይ እንዲካሄድ ተስማምተናል። ጊዜውን በተመለከተ፣ ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ የሚዘጋበት ስለሆነ፣ ሐምሌም ኦዲተሮች የቆየውን ዳታ የሚጠይቁበት ስለሆነ ሁለቱን ወራት ሰርቨሩን አልነካም። ሙከራውን ከአሁን ጀምሬ እስከ ግንቦት ልጨርስና ማዛወሩን በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም፣ የአዲሱ እህል ግዢ ሳይጀመር፣ ለማድረግ አስቤያለሁ። ማከማቻ ሣጥኑ ግን እስከዚያ አይጠብቅም፤ በኡቡንቱ እተካዋለሁ።

የመጨረሻ ጥያቄ ልጠይቅ። በሙከራው ጊዜ ጉድለት ባገኝ ለማይክሮሶፍት ብጽፍ ዳሞት እንዳሉት ሳይነበብ የሚቀር ከሆነ መድከሙ ይጠቅማል?

ዳሞት፣ ፍኖተ ሰላም

ይጠቅማል እህቴ፤ ይጻፉ። ከ1809 በኋላ ማይክሮሶፍት በጥቆማ መቀበያው ላይ ሞካሪው የችግሩን ክብደት የሚያመለክትበት ቦታ የጨመረው፣ ፋይል ማጥፋትን የመሰለ ከባድ ጥቆማ የድጋፍ ብዛት ስላነሰው ብቻ እንዳይቀር ነው። ፋይል ከጠፋ ወይም ሰርቨሩ ካልተነሣ ያን ከፍተኛ ብለው ያመልክቱ፤ የአዶው ቀለም አላማረኝም ለሚለው ግን ዝቅ ያድርጉት፤ አለበለዚያ ምልክቱ ትርጉም ያጣል።

ሲጽፉ የቅጂውን ቁጥር በሙሉ፣ ከተጫነ በኋላ የነኩትን በቅደም ተከተል፣ ይሆናል ብለው የጠበቁትንና የሆነውን ይጻፉ፤ «አይሠራም» የሚል ጥቆማ ለማንም አይረዳም። ያንኑ ጽሑፍ ለሂሳብ ሶፍትዌሩና ለፕሪንተሩ አቅራቢዎችም ይላኩት፤ አብዛኛውን ጊዜ ማስተካከል ያለባቸው እነሱ ስለሆኑ መልሱ ከእነሱ ቶሎ ይመጣል። የማከማቻ ሣጥኑን ሲያስወግዱ ደግሞ ዲስኮቹን ሳያጠፉ ለማንም አይስጡ፤ የብዙ ዓመት የደንበኞች ሂሳብ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።